እሳት የሚሰጥ ሰፈር

ባሕር አጠገብ ሰባት ዓመት ኖሬ ባሕር ነክቼ አላውቅም። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። የሠራሁበት የዓረብ አገር ከተማ ውኃው ጫፍ ላይ የተሠራ፣ ሙቀቱ ገና በጠዋት ግድግዳውን ላብ በላብ የሚያደርግ ነበር። ማዳም ልጆቿን ይዛ ወደ ባሕሩ ስትወርድ እኔም አብሬ እወርዳለሁ፤ ሥራዬ ግን የልጆቹን ጫማ ታቅፎ አሸዋው ላይ መቆም ነበር። የማድርባት ክፍል ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጎን ነበረች። መስኮት አልነበራትም። እዚያ ልደር ብዬ አልመረጥኳትም፣ የመረጠልኝ ሰውም "ይመችሻል ወይ?" ብሎ አልጠየቀኝም።

ስለዚህ አገሬ ስገባ ያሰከረኝ ሌላ ነገር አይደለም፤ መምረጥ ነው። የት ልኑር? ይህች ጥያቄ ብቻዋን በደስታ እንቅልፍ ታሳጣኝ ነበር። ሐይቅ ከተማ አክስቴ ቤት አርፌ፣ ጠዋት ጠዋት ሻዩ ሳይፈላ "ዛሬ የትኛውን ቤት ልይ?" እያልኩ ደጅ እወጣለሁ። ደብተር ገዛሁ። በእርሳስ አሰመርኩትና ውኃ፣ መብራት፣ መንገድ፣ ሙቀት ብዬ ጻፍኩ፤ ከሁሉም በላይ በትልልቁ "ሐይቁ ይታያል ወይ?" የሚል አሰፈርኩ። ውኃ ዳር መኖሬ ካልቀረ አንዴ እንኳ ጫማ የማልይዝበት ውኃ ዳር ልኑር ብዬ ነው። አክስቴ ደብተሩን አገላብጣ አየችና "ባልም እንዲህ አስምረሽ ብትፈልጊ ምን አለ" አለችኝ።

ገንዘቤ ብዙ አልነበረም። አንዲት ትንሽ ቤት የምትገዛ፣ አንዴ ብቻ የምታስመርጥ ነበረች፤ ብሳሳት ሁለተኛ ዙር የለም። ያም ሆኖ አልፈራሁም። ሲፈጥረኝ ችኩል ነኝ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚለው ተረት ለእኔ ተብሎ የተተረተ ነው ትላለች እናቴ።

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሷው ላይ ነው። እናቴ ከውጫሌ ወርደው በእግር ሽቅብ የሚወጡበት የአምባሰል ገጠር ብቻዋን ትኖራለች። አባቴ የሞተው እኔ ዓረብ አገር ሳለሁ ነው። መርዶውን የሰማሁት በስልክ ነው፤ ሳህን እያጠብኩ ነበርና እጄ ላይ የነበረው ሳሙና ስልኩ ላይ ደረቀ። የዚያን ቀን ለራሴ ማልኩ፤ ስመለስ እናቴና እኔ አንድ ጣሪያ ሥር እናድራለን። እኔ ወደሷ እንዳልገባ ከመሰደዴ በፊት በተማርኩት ልብስ ስፌት ገጠር ውስጥ መተዳደር አይቻልም፣ ሌላ ሙያ ደግሞ የለኝም። እሷ ወደ እኔ ካልመጣች የምገዛው ቤት ሌላ የማሽን ጎን ክፍል ነው፤ ሐይቁ ቢታይበትም ባይታይበትም።

ልለምናት ገጠር ድረስ ወጣሁ፤ እሷ ግን አልመጣም አለች።

"ቅሬየን ጥየ የት ልሂድ?"

ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የሞተን ይቀብራል፣ ያዘነን ያጽናናል፣ የደከመን ያግዛል፤ ሶላት የሚሰግደውም ማተብ ያሰረውም በአንድ ቅሬ ነው። እናቴ የቅሬ ጥሪ ሰምታ የቀረችበት ቀን የለም፤ ታምማ እንኳ ምርኩዝ ይዛ ትሄዳለች። ጎረቤቷ አንዲት ክርስቲያን ባልቴት ናት። ባልቴቷ በየመስከረሙ ግሸን ልትሳለም ስትወጣ ላሟን የምትጠብቅላት እናቴ ናት፤ እናቴ ረመዳንን ስትጾም ከምንጭ ውኃ የምትቀዳላት ደግሞ እሷ። አርባ ዓመት እንዲህ ኖረዋል።

"እማ፣ ሐይቅም ቅሬ አለ እኮ።"

"አለ። እኔን የሚያውቅ ግን የለም። ሰው የሚኖርበትን ሲመርጥ እኮ ቀባሪውን ነው የሚመርጥ።"

ቤት ምርጫ ላይ ቀብር ምን አመጣው ብዬ ተናደድኩ። ጮህኩም። አጥሩ ላይ ቆማ ትሰማን የነበረችው ባልቴት ናት ያስታረቀችን። "ምነው እቴ፣ ሂጅና እይላት እንጂ! ማየት ምን ይጎዳል? ላምሽን እኔ አልባለሁ" አለቻት። እናቴ "እሺ፤ አይቼ እመለሳለሁ" አለች። እኔ "አይቼ" የሚለውን ብቻ ነው የሰማሁት። በደስታ ዘልዬ ግንባሯን ሳምኳት።

በማግስቱ ወረድን። በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛ ነበር። ቆሎ መስሎኝ ባጃጁ ውስጥ ልፈታው ስል እጄን መታችኝ።

መጀመሪያ የወሰድኳት ወደ ሐይቁ ዳር ነው። አዳዲስ ቤቶች በረድፍ የተሠሩበት፣ በሮቹ ብረት፣ ግድግዳዎቹ ብርቱካንማና አረንጓዴ የተቀቡ ሰፈር ነው። ቤቱን ከሳምንት በፊት አይቼው ልቤ ጠፍቶ ነበር። ባለቤቱ ውጭ ሆኖ ቶሎ እንዲሸጥለት ስለፈለገ ዋጋው በእኔ አቅም ነበር። የሳሎኑ መስኮት ሰፊ፣ የግድግዳውን ግማሽ የያዘ፤ በመስኮቱ ደግሞ ውኃው ሁሉ፣ ታንኳ ላይ ቆሞ መረብ የሚጥለው ሰው፣ ወዲያ ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች። ለዚህ መስኮት የሚሆን ሰማያዊ መጋረጃ ከዓረብ አገር በሻንጣዬ ይዤ መጥቻለሁ። ገና ቤት ሳይኖረኝ! አክስቴ መጋረጃውን "ላም አለኝ በሰማይ" የሚል ስም አውጥታለታለች።

ደላላው ፀጉሩን ቅባት የነከረ፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ ነበር። "እናቴ፣ ከአልጋዎ ሳይነሡ ሐይቁን ያዩታል" አላት።

እናቴ መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ብዙ ቆመች። "ማሻ አላህ" አለች በመጨረሻ፣ "ወላሂ ያምራል።" ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ውል ልፈርም፣ እስክርቢቶ የት አለ ማለት ብቻ ቀረኝ። ያን ጊዜ ቋጠሮዋን ፈታች። ከውስጡ የወጣው ገል ነው፤ የተሰበረ እንስራ ቁራጭ፣ ጠርዙ በጥላሸት የጠቆረ።

"ምንድነው እሱ እማ?"

"እሳት ልጫር።"

በእኛ አገር ምድጃው የጠፋበት ሰው ገል ይዞ ጎረቤት ይሄዳል፤ አመድ የተነጠፈለት ፍም ተቀብሎ ይመለሳል። ክብሪት በየሱቁ በሞላበት በዛሬ ጊዜ እንኳ የገጠር ሴቶች አልተዉትም። እሳቱ ሰበብ ነው። ማን አደረ፣ ማን ታመመ፣ የማን ልጅ መጣ የሚባለው በዚያች ገል ላይ ነው። ደላላው እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። ሰባት ዓመት ዓረብ አገር የኖረች ሴት እናት በሐይቅ ዳር አዳዲስ ቤቶች መካከል እሳት ስትለምን ልትታይ ነው።

ወጣች። እኔ መስኮቱ ላይ ሆኜ እከታተላለሁ። የመጀመሪያውን በር አንኳኳች፤ ዘበኛ ብቅ አለና እጁን አወናጨፈ። ሁለተኛውን አንኳኳች፤ እሱም ዘበኛ። ሦስተኛው ላይ የከፈተም የለ። ስድስት በር አንኳኩታ ገሏን ባዶዋን ይዛ ተመለሰች።

"የአንዱ ባለቤት ጂዳ ናት አሉኝ" አለች እየተቀመጠች። "የአንዱ ቤይሩት። የዚያኛውን ባለቤት ዘበኛውም አያውቀው። ቤቱ ቆንጆ ነው ሆዴ። ሰዎቹ መቼ ነው የሚመጡ?"

"ይመጣሉ። እኔስ መጣሁ አይደል?"

"እስተዚያ ብሞት ዘበኞቹ ይቅበሩኝ?"

ደላላው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ባጃጁ ውስጥ አኩርፌያት ውጭ ውጭውን እያየሁ፣ እኔም እሷም አክስቴ ቤት ተመለስን። እውነቱን ለመናገር፣ ያቃጠለኝ እሷ አይደለችም። እነዚያን በሮች የቆለፉት እንደኔ ያሉ ሴቶች ናቸው። እያንዳንዷ አሁን የሆነ አሸዋ ላይ የሰው ልጅ ጫማ ይዛ ቆማለች፤ ስልኳ ውስጥ ደግሞ የዚህን ሐይቅ ፎቶ አስቀምጣለች። እናቴ አንድ ቃል ሳትጨምር ይህን አሳየችኝ፤ እኔ ደግሞ ማየት አልፈለግሁም ነበር።

ኩርፊያዬ ብዙ አይቆይም። በሦስተኛው ቀን እንደገና በደስታ አበድኩ፤ ውጫሌ! እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም? ከእናቴ ገጠር ቅርብ ነው፤ ገበያ በወጣች ቁጥር የራሷን ቅሬ ሰዎች ታገኛለች። ከመናኸሪያው አጠገብ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተገኘ፤ ውኃው ቧንቧ፣ ወለሉ ሴራሚክ። ሐይቅ የለም፤ እሺ፣ ሐይቁ ይቅር አልኩ። ይህን ስል ምን ያህል እንደቆጨኝ አላህ ያውቃል፤ ግን ለእሷ ስል ከደብተሬ ላይ ሰረዝኩት።

እናቴ ክፍሉን እንኳ በቅጡ ሳታይ ገሏን ይዛ ወጣች። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ክብሪት ይዛ ተመለሰች፤ ገና ያልተከፈተ፣ አዲስ።

"ይኸው!" አልኩ። "ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ሙሉ ክብሪት!"

"'ይያዙት እማማ፣ አይመልሱት' አለችኝ ጎረቤቲቱ" አለች ክብሪቱን እያገላበጠች። "ማን እንደሆንሁ አልጠየቀችኝም። እሳት ቢሰጡሽ ነገ ትመለሻለሽ። ክብሪት ከሰጡሽ ምን ብለሽ ትመለሻለሽ?"

"እማ፣ ከተማ ነው! ሰው ሥራ አለበት!"

"አውቃለሁ። ምን አልኋት? አላህ ይስጥልኝ ብያለሁ።" ክብሪቱን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ወረደች፤ ከታች ወደ ገጠሯ የሚሄዱ ሰዎች አግኝታ ከእነሱ ጋር ሄደች። ስትሰናበተኝ ገሏን እጄ ላይ ትታልኝ ነው። "ያዥው፤ እኔ ቤት ገል ሞልቷል" አለችኝ። እኔም ሞኝ ነኝ፤ መሸከም ሰልችቷት መስሎኛል።

ሁለት ሳምንት ቤት አላየሁም። አክስቴ ቤት ተኝቼ ጣሪያ ስቆጥር ሰነበትኩ። ደላላው ሲደውል አላነሣም። ገሏ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፤ ባየኋት ቁጥር እበሽቃለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብሽቀቱ ሞላና ፈሰሰ። ብድግ አልኩ። "እኔው እሄዳለሁ!" ብዬ ጮህኩ፤ አክስቴ የምትለቅመውን ምስር ደፋችው። ጥቁር አባያዬን እንደለበስኩ፣ መነጽሬን ዓይኔ ላይ አድርጌ፣ ገል ይዤ ወጣሁ።

እንዴት እንዳፈርኩ ማን ይወቅልኝ። በመጀመሪያው ሰፈር አንዲት ልጃገረድ ከት ብላ ሳቀችና "ኑ እዩ፣ ከዓረብ አገር መጥታ እሳት ትለምናለች!" ብላ ቤት ሙሉ ሰው ጠራችብኝ። ግን ሳቀች እንጂ አልሰጠችኝም። በሁለተኛው ሰፈር ቀያሽ ነሽ ወይ፣ ከቀበሌ ነሽ ወይ አሉኝ። አንድ ሽማግሌ ላይተር አውጥቶ እጄ ላይ ሊያበራልኝ ነበር። እያፈርኩም፣ አላውቅም ምን እንደነካኝ፣ ደስ ይለኝ ጀመር። ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው በር ስከፍት የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን የሰው በር ሳንኳኳ ዋልኩ። እያንዳንዱ በር ውስጥ ምን እንዳለ አለማወቄ እንደ ልጅ ልቤን ያዘልለው ነበር።

ከአስፋልቱ በላይ፣ ሰዉ ብዙ ዘመን የቆየበት የጭቃ ቤት ሰፈር ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ባጃጅ አይገባበትም። አንዲት ማተብ ያሰረች ሴት ደጇ ላይ ሽምብራ ትቆላለች። በእናቴ ዕድሜ ነው የምትሆነው።

"እሳት ልጫር ነበር" አልኳት።

ማማሰያዋን አስቀመጠችና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ። ነገርኳት። "ከወዴት?" ከአምባሰል አልኳት። "አምባሰል የት?" የት እንደሆነ ነገርኳት። እናትሽ በሕይወት አሉ ወይ፣ አባትሽስ፣ ስንት ልጅ ናችሁ፣ አንቺስ ወልደሻል ወይ። እኔ ቆሜ መለስኩ፤ ሽምብራው አረረ። "እንግዲህ አሳረርሽብኝ" አለችና ገሌን ተቀበለችኝ። አመድ አነጠፈችበት፣ ሁለት ፍም አስቀመጠች፣ ነፋስ እንዳያየው ብላ ትንሽ አመድ በተነችበት። "በይ ቶሎ ሂጂ፣ ሳይጠፋ!"

ሮጥኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ አገኘሁ፣ ሰጡኝ፣ ጠየቁኝ! ሃያ እርምጃ ያህል ሮጬ ነው ድንገት ቀጥ ያልኩት። ወዴት ነው የምሮጠው? ቤት የለኝ፣ ምድጃ የለኝ። መንገዱ መሐል ፍም ይዤ ቆምኩ። ገሉ ጣቴን ይለበልበኛል፤ ጥዬው እንዳልሄድ ሴትዮዋ በሯ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ምነው? ጠፋብሽ እንዴ?" አለችኝ እየመጣች።

"ኧረ አልጠፋም።"

"ታዲያ ቤትሽ የቱ ነው?"

"ቤት የለኝም።"

"እና እሳቱን ለምን ፈለግሽው?"

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሐይቁን፣ ዘበኞቹን፣ ክብሪቱን፣ ቅሬውን፣ አልመጣም ያለችውን እናቴን። ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። ጎረቤቶቿ ወጥተው ምን ሆነ አሉ፤ ለእነሱም ነገረቻቸው፤ እነሱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና በክርኗ ወደ ጎን እያሳየች "ይኸ ቤት እኮ ይሸጣል። ባለቤቲቱ ደሴ ልጇ ዘንድ ገብታ ነው" አለችኝ።

ቤቱን በደብተሬ መዘንኩት፤ በሁሉም ወደቀ። ጭቃ ነው። ውኃው በፈረቃ ነው። መንገዱ ክረምት ሲገባ ማጥ ነው። ሐይቁስ? አይታይም። ግን ልቤ አልቻለችም፤ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለው የድንጋይ ካብ ላይ በአራት እግሬ ወጣሁ። በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል መዳፍ የምታክል ውኃ ታበራለች። ካቡ ላይ እንደቆምኩ ደብተሬን አውጥቼ "ይታያል" ብዬ ጻፍኩ። ገዛሁት። ለሳሎን ያመጣሁት ሰማያዊ መጋረጃ ከቤቱ መስኮት ሦስት እጥፍ ስለሚበልጥ፣ መሐል ላይ ወጥሬው አንዱን ክፍል ሁለት አደረግሁበት።

እናቴ ስትመጣ "ለሳምንት ነው" ብላ ነው። ልብሷም የሳምንት ነው። ገሏን ሰጠኋት፤ ጎን ካለችው ሴትዮ ዘንድ ሄደች። ጠበቅኋት፣ ጠበቅኋት። ፀሐይ ዞረች። ጨዋታው ረዝሞ እሳቱ ገሉ ላይ እንዳለ ጠፍቶባቸው ኖሮ፣ ሁለቱም እንደገና ፍም ይዘው እየተሳሳቁ መጡ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ በደስታ አለቀስኩ።

ሳምንቱ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። አልሄደችም፤ ግን እኖራለሁም አላለችም። እኔ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝቻለሁ፤ እሷ ጓሮ በሦስት ጉልቻ ታበስላለች። በየጠዋቱ ገሏን ይዛ ትወጣለች። ስትጨርስ ደግሞ እሳቱ እንዲሁ እንዲጠፋ ትተወዋለች። ገጠር ሳለች አንድም ቀን እንዲህ አድርጋ አታውቅም፤ አመድ አልብሳ ዳፍና ነው የምታሳድረው።

"ለምን አትዳፍኝውም? በየጠዋቱ ከምትለምኚ" አልኳት።

"እሳት የሚዳፍን ባለቤት ነው። እኔ እንግዳ ነኝ" አለችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት የሰፈሩ ቅሬ ዳኛ መጡ። ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ጥቁር ጃንጥላ እንደ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ደህና መጣችሁ ብለው መረቁንና ከኪሳቸው ደብተር አወጡ።

"ቅሬው ውስጥ ልጽፋችሁ ነው። ስንት ነፍስ ናችሁ?"

እናቴን አየኋት። አጎንብሳ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ሁለት ልበል? ለቅሬ ሰው ውሸት አይነገርም፤ የተጻፈ ሰው ሲሞት ጉድጓድ የሚቆፈርለት ነው። አንድ ልበል? አፌ አልታዘዝ አለኝ። ለሰባት ዓመት አንድ ነበርኩ።

"አባባ፣ ሰሞኑን መጥቼ ልንገርዎት?" አልኳቸው።

እሳቸውም አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ። "አብሽሪ፤ እኔ የትም አልሄድ" ብለው ደብተራቸውን ከተቱ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ከታች ሰፈር አንድ ሽማግሌ ሞቱ፤ ክርስቲያን ናቸው። እናቴን የጠራት የለም። ጩኸቱን ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ጎን ካለችው ሴትዮ ጋር እንስራ ተሸክማ ወረደች። ሦስት ቀን ውኃ ስትቀዳ፣ ንፍሮ ስትቀቅል፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ስታለቅስ ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን አቧራ ለብሳ ተመልሳ እግሯን እየታጠበች "ደህና አርገው ነው የሚቀብሩ" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ መጠየቅ ፈራሁና ፎጣ አቀበልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ላፈላ ስነሣ መብራት ጠፍቷል። ምድጃዬን አብርቼ አጥፍቼ ተስፋ ቆረጥኩ። እናቴ ሱብሒ ሰግዳ መልሳ ጋደም ብላለች፤ ላስነሣት አልፈለግሁም። ክብሪት ፍለጋ ጓሮ ወጣሁ። ጉልቻዎቹ መሐል አመዱ ክብ ሆኖ፣ በእጅ ተደልድሎ፣ እንደ ትንሽ ዳቦ ተከምሯል። ቆሻሻ ጠርጋ መስሎኝ በእንጨት ነካሁት።

ቀይ ነው።

ሌላውን ጎን ነካሁት። እሱም ቀይ። ትልልቅ ፍም፣ በስርዓቱ ተደርድሮ፣ አመድ ለብሶ አድሯል።

ነጠላዬን ያነሣሁት ይሁን የአልጋ ልብሱን አላውቅም። ሮጥኩ። ባዶ እግሬን ነኝ፤ ጎን ያለችው ሴትዮ "ምን ሆንሽ?" ስትል ሰማሁ፣ አልመለስኩላትም። ሰዎች ከየበራቸው ብቅ አሉ። የቅሬው ዳኛ በር ላይ ደርሼ በሁለት እጄ ደበደብኩት። ወደ ቅሬ ዳኛ ቤት በዚያ ሰዓት እየሮጠ የሚመጣ ሰው የሚያመጣው አንድ ወሬ ብቻ መሆኑ ትዝ ያለኝ እሳቸው ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ቆባቸውን በጎን ደፍተው ሲወጡ ነው።

"ኢናሊላሂ! ማነው የሞተው?"

"ማንም!" አልኩ፤ ትንፋሼ አጠረኝ። "ማንም አልሞተም አባባ። ሁለት ነን! ሁለት ብለው ይጻፉን!"

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ቆባቸውን አቃንተው ቀና ብለው አዩኝ።

"እናትሽስ ምን አሉ? ፈቀዱ?"

"እሷ ናት የነገረችኝ" አልኳቸው።